ስልኩም ፕሪንተሩም በአንድ ዋይፋይ ላይ ናቸው፤ ታዲያ ለምን አይተያዩም?

ጥያቄው፦ «ሥራዬን የምሠራው ቤት ውስጥ ነው። ላፕቶፕ፣ ዋይፋይ ያለው ፕሪንተርና ስማርት ቲቪ አለኝ። ዋይፋዩ የኋላው ክፍል ድረስ ስለማይደርስ ሁለተኛ ራውተር ገዛሁና ከዋናው ጋር በኬብል አገናኘሁት። ግራ እንዳይገባኝ ብዬ የዋናውን ስምና ፓስወርድ ሰጠሁት። ኢንተርኔቱ በሁለቱም በኩል ይሠራል። ፕሪንተሩ ግን አንዳንድ ቀን ስልኬ ላይ ይታያል፣ አንዳንድ ቀን የለም። ቲቪውም እንደዚያው ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል። ፕሪንተሩን ደጋግሜ ሪሴት አድርጌዋለሁ። ለመሆኑ እነዚህ ዕቃዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁት እንዴት ነው? ማነው የሚያገናኛቸው?»

ፕሪንተርዎ ደህና ነው። ቲቪውም ደህና ነው። እባክዎ ሪሴት ማድረጉን ይተዉት። ከገለጹልኝ ነገር እንደማየው ችግሩ ያለው ሁለተኛው ራውተር የተገናኘበት መንገድ ላይ ነው። ቤትዎ ውስጥ አንድ ስም የተሰጣቸው ሁለት ኔትወርኮች አሉ። ሳሎን ሲሆኑ ስልክዎ አንዱ ውስጥ ይገባል። ወደ ኋላው ክፍል ሲሄዱ ሳያስታውቅዎት ወደ ሌላኛው ይሻገራል። ፕሪንተሩ የሚታየው ሁለቱ በአጋጣሚ አንድ ኔትወርክ ላይ ሲገጣጠሙ ብቻ ነው።

መፍትሔው ረጅም አይደለም፣ ወደ ታች እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ ግን «ማነው የሚያገናኛቸው?» ያሉትን ልመልስ። ይህን ያወቀ ሰው ሌላ ጊዜ ዕቃ ሲጠፋበት የት መፈለግ እንዳለበት ያውቃልና።

የሚያገናኛቸው የለም። መሃል ላይ ቁጭ ብሎ «እዚህ ቤት አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ቲቪ አለ» ብሎ መዝገብ የሚይዝ ዕቃ የለም። ራውተሩ የሚያውቀው ስንት ዕቃ እንደገባና ለእያንዳንዱ ምን ቁጥር እንደሰጠ ነው። የትኛው ያትማል፣ የትኛው ፊልም ያሳያል የሚለው የእሱ ጉዳይ አይደለም። ዕቃዎቹ ራሳቸው ናቸው እየተጠራሩ የሚፈላለጉት።

ፕሪንተሩን ሲያበሩት ከሚሆነው እንጀምር። ዋይፋዩን ያገኛል፣ በያዘው ፓስወርድ ይገባል። ገና ግን የራሱ ቁጥር የለውም። ቁጥር ስል አይፒ አድራሻ የሚባለውን ነው፣ ለምሳሌ 192.168.1.23። ቁጥር ስለሌለው የላኪውን ቦታ 0.0.0.0 ብሎ ይሞላና ወደ 255.255.255.255 መልእክት ይልካል። ያ የመጨረሻው አድራሻ «እዚህ ላላችሁ ሁሉ» እንደማለት ነው። የመልእክቱ ይዘትም «ቁጥር የሚያድል አለ ወይ?» ነው። ራውተሩ ይሰማና «ይህን ቁጥር ልስጥህ» ይላል። ፕሪንተሩ «እሺ፣ እሱን ልውሰድ» ይላል። ራውተሩ «ያንተ ነው» ብሎ ያጸናለታል። አራት መልእክት፣ አለቀ። ይህ አሠራር ዲኤችሲፒ ይባላል። ለኢንተርኔት መመዘኛ ሆኖ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው)። ቁጥሩ የሚሰጠው በውሰት ነው፣ ጊዜ ተቆርጦለት። ጊዜው ከማለቁ በፊት ፕሪንተሩ ያሳድሰዋል። ይህን ውሰት ያስታውሱልኝ፣ ስለ መብራቱ ስናወራ እንመለስበታለን።

ቁጥር የሚያድል ባይገኝስ? ያኔ ዕቃው ከ169.254 ከሚጀምሩት ቁጥሮች አንዱን በዘፈቀደ ይመርጣል። «ይህን የያዘ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። መልስ የሰጠ ከሌለ ለራሱ ይወስደዋል። ዊንዶውስ 98 ይህን ያደርግ ነበር። በኋላ በ2005 አርኤፍሲ 3927 በሚል ሰነድ የጋራ መመዘኛ ሆነ። ለእርስዎ የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ፕሪንተሩ፣ ቲቪው ወይም ላፕቶፑ ከ169.254 የሚጀምር ቁጥር ካሳየዎት ዕቃው ራውተሩን አላገኘም ማለት ነው። ሌላ ነገር ከመነካካትዎ በፊት ያንን ያስተካክሉ።

ቁጥሩን ያዘ እንበል። አሁን ስልክዎ እንዴት ያገኘዋል? የጥያቄዎ ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የእድር ጡሩምባ ነፊን ያስቡ። ቤት ለቤት እየሄደ በር አያንኳኳም። ማን የት እንደሚኖር የተጻፈበት ወረቀትም አይዝም። ሰፈሩ መሃል ቆሞ ይጣራል፣ የሚመለከተው ይሰማል፣ ይወጣል። ጥሪው ግን የእድሩ ክልል ውስጥ ያበቃል። ወንዝ ማዶ ያለ ሌላ እድር አይሰማውም፣ እንዲሰማውም አይፈለግም።

ስልክዎ «አትም» የሚለውን ሲጫኑት ልክ ይህን ነው የሚያደርገው። 224.0.0.251 ወደሚባል አድራሻ አንድ አጭር ጥያቄ ይልካል፣ በበር ቁጥር 5353 በኩል (በር ወይም ፖርት የሚባለው አንድ ዕቃ ላይ ያሉ አገልግሎቶች የሚለዩበት ቁጥር ነው)። ያ አድራሻ የማንም ዕቃ አይደለም። ሁሉም በጋራ የሚያዳምጡት መስመር ነው። ጥያቄው «ማተም የምትችሉ እነማን ናችሁ?» ይላል። ቲቪው ይሰማል፣ አይመለከተውምና ዝም ይላል። ፕሪንተሩ ይመልሳል፦ ስሜ ይህ ነው፣ ቁጥሬ ይህ ነው፣ በዚህ በር ግባ፣ ባለ ቀለም ማተም እችላለሁ፣ በሁለት ገጽ ማተም እችላለሁ። ስልክዎ ላይ የፕሪንተሩ ስም ብቅ የሚለው ይህ መልስ ሲደርስ ነው።

ስሙም ቢሆን በጥሪ ነው የሚያዘው። አንድ ዕቃ ሲበራ በሩብ ሰከንድ ልዩነት ሦስት ጊዜ «ይህን ስም የያዘ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። የተቃወመ ከሌለ ስሙን ይወስድና ለሁሉም ያውጃል። ካለ ስሙ ላይ 2 ቁጥር ጨምሮ እንደገና ይሞክራል። ኮምፒውተርዎ ስሙ መጨረሻ ላይ ያላዘዙት 2 ተጨምሮበት አይተው ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ይህ አሠራር ኤምዲኤንኤስ ይባላል። ከጀርባው ስሙ ሊነሣ የሚገባው ሰው ስቱዋርት ቼሻየር ነው። በ1980ዎቹ የአፕል ኮምፒውተሮች አፕልቶክ በሚባል የራሳቸው ኔትወርክ ነበር የሚነጋገሩት። ኬብሉን መሰካት ብቻ ይበቃል፣ ፕሪንተሩ ዝርዝር ውስጥ ይመጣል። ዓለም ወደ አይፒ ሲዞር ግን ያ ምቾት ቀረ። ቁጥር መሙላት፣ ኔትወርክ የሚያውቅ ሰው መጥራት መጣ። ቼሻየር ይህ መመለስ አለበት ብሎ ተነሣ። በ1999 የኢንተርኔት መመዘኛዎችን በሚያወጣው አይኢቲኤፍ ሥር ዜሮኮንፍ የሚባል የሥራ ቡድን ተቋቋመ። አፕል በ2002 ማክ ኦኤስ ኤክስ 10.2 ውስጥ ራንዴቩ በሚል ስም አስገባው። በ2005 ስሙ ቦንዡር ሆነ። ሊኑክስ ላይ አቫሂ የሚባል ነጻ ሥሪት ተሠራ። መመዘኛዎቹ አርኤፍሲ 6762 እና 6763 ሆነው የታተሙት ግን በየካቲት 2013 ነው፣ ነገሩ በሚሊዮኖች ዕቃ ውስጥ ከገባ ከዓመታት በኋላ። እኔ ይህን ሥራ በጣም ነው የማደንቀው። ዛሬ አንድ ሰው የገዛውን ፕሪንተር ሰክቶ ያለማንም እርዳታ የሚያትመው እነዚህ ሰዎች «ተራው ሰው ቁጥር መሙላት የለበትም» ብለው ስለጸኑ ነው።

ታዲያ ሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት ጥሪ አይጠራም። ሌላው የተለመደ ጥሪ ኤስኤስዲፒ ነው፣ ዩፒኤንፒ ከሚባለው ቤተሰብ። እሱ 239.255.255.250 በሚለው አድራሻ፣ በበር ቁጥር 1900 ይጣራል። ኔትፍሊክስና ዩቲዩብ ስልክን ከቲቪ ለማገናኘት ያወጡት ዳያል የሚባለው ዘዴ ይህንን ነው የሚጠቀመው። ክሮምካስት ግን በኤምዲኤንኤስ ነው የሚታየው፣ አይፎንም ለኤርፕሌይና ለኤርፕሪንት (ወደ ቲቪ ለመላክና ለማተም) እሱኑ ይጠቀማል። ዊንዶውስ ደግሞ ለፕሪንተር ሦስተኛ ዓይነት አለው። ስለዚህ ፕሪንተሩ እየታየ ቲቪው ቢጠፋ፣ ወይም ከላፕቶፑ የሚታየው ከስልኩ ባይታይ አይገረሙ። አንዱ ጥሪ አልፎ ሌላው ታግዶ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ቤትዎ እንግባ። ሁሉም ጥሪዎች የሚጋሩት አንድ ባሕርይ አለ፦ ራውተር አያሳልፋቸውም። በ224.0.0 የሚጀምሩትን ማንም ራውተር ወደ ሌላ ኔትወርክ እንዳያሳልፍ ሕጉ ራሱ ይከለክላል። ሌሎቹንም የቤት ራውተር አያሳልፍም። ይህ ደግሞ ጥሩ ነገር ነው፣ አለበለዚያ የጎረቤትዎ ቲቪ ሁሉ ስልክዎ ላይ ይደረደር ነበር።

እርስዎ ሁለተኛውን ራውተር ሲያገናኙ ኬብሉን የሰኩት «ኢንተርኔት» ወይም «ዋን» የሚል ጽሑፍ ባለበት ማስገቢያ ነው ብዬ እገምታለሁ። ብዙ ጊዜ ቀለሙ ከሌሎቹ ይለያል። ሁሉም ሰው የሚሰካው እዚያ ነው፣ መመሪያው ወረቀት ላይም እንደዚያ ይላል። በዚህ መንገድ የተሰካ ራውተር ግን ዋናውን ራውተር እንደ ኢንተርኔት አቅራቢ ይቆጥረውና ከጀርባው የራሱን ኔትወርክ ያቆማል። የራሱን ቁጥር ያድላል። ለምሳሌ ዋናው 192.168.1 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ይሰጥ ከነበረ፣ ሁለተኛው 192.168.0 ብሎ የሚጀምር ይሰጣል። ኢንተርኔት በሁለቱም በኩል ይሠራል፣ ምክንያቱም ወደ ውጭ የሚወጣ ሁሉ ያልፋል። ጥሪው ግን ሁለተኛው ራውተር በር ላይ ይቆማል።

ስሙ አንድ መሆኑ ነው ነገሩን የሸፈነው። ስም የሚለየው ዋይፋዩን ነው፣ ኔትወርኩን አይደለም። ሁለት የተለያየ ስም ሰጥተዋቸው ቢሆን ኖሮ «ስልኬ ሁለተኛው ላይ ነው፣ ፕሪንተሩ አንደኛው ላይ» ብለው ራስዎ ያገኙት ነበር።

እንግዲህ ይህ እንግዳ ነገርም ይፈጥራል። ከሁለተኛው ራውተር ሥር ያለ ላፕቶፕ ዋናው ላይ ያለውን ፕሪንተር በጥሪ አያየውም። የፕሪንተሩን ቁጥር በቀጥታ ቢጽፉለት ግን ሊያትምበት ይችላል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ መሄድ ክፍት ነውና። በተቃራኒው አይሆንም። ፕሪንተሩ ሁለተኛው ሥር፣ ላፕቶፑ ዋናው ላይ ከሆነ ቁጥሩን ቢጽፉም አይደርስም። «አንዴ ሠራ፣ አንዴ እምቢ አለ» የሚሉት ግራ መጋባት አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

መገመት አያስፈልግም፣ ያረጋግጡት። ፕሪንተሩ ላይ ትንሽ ስክሪን ካለ ኔትወርክ የሚለውን ውስጥ ገብተው አይፒ ቁጥሩን ያንብቡ። ስክሪን ከሌለው አብዛኞቹ የኔትወርክ መረጃቸውን በወረቀት ያትማሉ፣ የትኛውን ቁልፍ እንደሚጫኑ መመሪያው ይነግርዎታል። ከዚያ ስልክዎ ላይ ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የተገናኙበትን ስም ይጫኑና የስልክዎን ቁጥር ይመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች አንድ ናቸው? 192.168.1 እና 192.168.1 ከሆኑ ብዙውን ጊዜ አንድ ኔትወርክ ላይ ናቸው። አንዱ 192.168.1፣ ሌላው 192.168.0 ከሆነ መልሱን አገኙት። ሁለቱም ራውተሮች አንድ ዓይነት ቁጥር የሚያድሉበት አሳሳች አጋጣሚም አለ። እሱን ለመለየት ስልክዎን ይዘው አንዴ ከዋናው፣ አንዴ ከሁለተኛው ራውተር አጠገብ ቆመው ይሞክሩ፣ በእያንዳንዱ ቦታ ዋይፋዩን አጥፍተው ያብሩት።

ሁለተኛው ፈተና ደግሞ ይህ ነው። የፕሪንተሩን ቁጥር ስልክዎ ብሮውዘር ላይ፣ የድረ ገጽ አድራሻ በሚጻፍበት ቦታ ይጻፉ። የፕሪንተሩ የራሱ ገጽ ከተከፈተ መንገዱ ክፍት ነው፣ የታገደው ጥሪው ብቻ ነው። ካልተከፈተ መንገዱ ራሱ ተዘግቷል። የኔትወርክ ባለሙያ ቤትዎ ቢመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው። ሰዓታት ከመባከን ያድናል።

መፍትሔው ሁለተኛውን ራውተር ራውተር መሆኑን ማስቆም ነው። ዋይፋይ ብቻ ያሰራጭ፣ ቁጥር ማደሉን ለዋናው ይተው። የሁለተኛው ራውተር ሴቲንግ ውስጥ ይግቡና «አክሰስ ፖይንት ሞድ» የሚል ምርጫ ይፈልጉ። አሁን የሚሸጡት አብዛኞቹ አላቸው። ያንን ሲመርጡ ራሱን አጥፍቶ ይነሣል፣ ሥራው አለቀ። ከዚያ በኋላ በድሮው ቁጥሩ ሴቲንጉን መክፈት ቢያቅትዎ አይደንግጡ። አሁን እሱም ቁጥሩን ከዋናው ነው የሚወስደው። ዋናው ራውተር ላይ የተገናኙ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ያገኙታል።

ይህ ምርጫ ከሌለው በእጅ ይሠራል። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ። ላፕቶፑን በኬብል ከሁለተኛው ራውተር ጋር ያገናኙ። መጀመሪያ የራውተሩን የራሱን ቁጥር ይቀይሩ። ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ለምሳሌ 192.168.1.250 ይስጡት፣ ዋናው ከሚያድላቸው ቁጥሮች ውጪ መሆኑን አይተው። በአዲሱ ቁጥር ተመልሰው ይግቡና ዲኤችሲፒን ያጥፉ። በመጨረሻ ከዋናው የመጣውን ኬብል ከኢንተርኔት ማስገቢያው ነቅለው ከሌሎቹ ማስገቢያዎች በአንዱ ይሰኩት። ዲኤችሲፒውን ሳያጠፉ ኬብሉን ካዘዋወሩ አንድ ኔትወርክ ላይ ሁለት ቁጥር አዳይ ይኖርዎታል፣ እሱ ከአሁኑም የባሰ ራስ ምታት ነው።

ያኔ የሰጡት አንድ ዓይነት ስምና ፓስወርድ ትክክለኛ ምርጫ ይሆናል። አይቀይሩት። የዋይፋይ ቻናላቸውን ብቻ ይለያዩ፦ በ2.4 ጊጋኸርትዝ አንዱን 1፣ ሌላውን 6 ወይም 11 ላይ ያድርጉ።

መብራት ሲመጣ የሚብሰው ለምን እንደሆነ አሁን ማየት ይቻላል። ምክንያቱ አንድ አይደለም፣ ሦስት ነገር ተደራርቦ ነው።

መብራቱ ሲመጣ ሁሉም ዕቃ እኩል ይነሣል። ፕሪንተሩ ከሁለቱ ራውተሮች ቀድሞ በተነሣው ላይ ይለጠፋል። ስማቸውም ፓስወርዳቸውም አንድ ነውና ለእሱ ልዩነት የለውም። ትናንት ዋናው ላይ የነበረው ዛሬ ሁለተኛው ላይ ያድራል። አክሰስ ፖይንት ካደረጉት ይህ በራሱ ይፈታል።

ሁለተኛው፣ ያ ውሰት ያልኩት ነው። ብዙ የቤት ራውተሮች ሲጠፉ ለማን ምን ቁጥር እንደሰጡ ይረሳሉ። ስለዚህ ትናንት 192.168.1.23 የነበረው ፕሪንተር ዛሬ 192.168.1.27 ሊሆን ይችላል። በጥሪ የሚፈልግ ስልክ ግድ የለውም፣ ስሙን ጠርቶ አዲሱን ቁጥር ያገኛል። ላፕቶፑ ግን ሲጫን የድሮውን ቁጥር ይዞ ከሆነ «ኦፍላይን» ይልዎታል። መድኃኒቱ ዋናው ራውተር ላይ ለፕሪንተሩ ቋሚ ቁጥር ማስያዝ ነው፣ «አድሬስ ሪዘርቬሽን» ይባላል። አንዴ ያስይዙት፣ ከዚያ መብራት በቀን አሥር ጊዜ ቢጠፋም ቁጥሩ አይለወጥም። ላፕቶፑ ላይም ፕሪንተሩን ሰርዘው በዚያ ቁጥር፣ «ቲሲፒ አይፒ ፖርት» በሚለው (ቁጥሩን በቀጥታ በሚጠቀመው) መንገድ እንደገና ያስገቡት። ዊንዶውስ በራሱ ጥሪ ሲያገኘው ደብሊውኤስዲ በሚባል ፖርት ነው ብዙ ጊዜ የሚጭነው። እሱ ዛሬ ሠርቶ ነገ ኦፍላይን የሚል ዓይነት ነው። ለሥራ በሚፈልጉት ፕሪንተር ላይ አልመክረውም።

ሦስተኛው ስንብት ነው። ዕቃ በቁልፉ ሲጠፋ «ሄጃለሁ፣ ከዝርዝር አውጡኝ» የሚል መልእክት ትቶ መሄድ ይችላል። መብራት ሲጠፋ ግን ያ ዕድል የለም። በመመዘኛው መሠረት ስልክና ላፕቶፕ አንድ አገልግሎት እንዳለ ከሰሙ እስከ 75 ደቂቃ ሊያስታውሱት ይችላሉ። ስለዚህ ፕሪንተሩ ዝርዝሩ ላይ ይታያል፣ ሲጫኑት ግን የለም። ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርገው ይመልሱት፣ ትዝታው ይጸዳል።

ሁሉንም አስተካክለው አሁንም የሚጠፋ ዕቃ ቢኖር፣ ጥሪውን የሚያፍኑ ሌሎች ነገሮች አሉ። እዚህ አገር በጣም የሚያጋጥመኝ ቪፒኤን ነው። ቴሌግራም ወይም ፌስቡክ በተዘጋ ሰሞን የተጫነ ቪፒኤን ስልኩ ላይ እንደበራ ይቀራል። እሱ የስልኩን ትራፊክ ሁሉ ጠቅልሎ ወደ ሩቅ አገር ሲልክ ጥሪውም ቤት ውስጥ አይሰማም። አጥፍተው ይሞክሩ። አይፎን ከሆነ ደግሞ ከ2020ው አይኦኤስ 14 ጀምሮ እያንዳንዱ አፕ ቤት ውስጥ ያሉ ዕቃዎችን ለመፈለግ ፈቃድ ይጠይቃል። በችኮላ «አትፍቀድ» የሚለውን ተጭነው ይሆናል። ፕራይቬሲ ሴቲንግ ውስጥ «ሎካል ኔትወርክ» የሚለውን ከፍተው አፑን ያብሩለት። ዊንዶውስ ላይ ዋይፋዩ «ፐብሊክ» ተብሎ ከተመዘገበ ፋየርዎሉ ጥሪውን ይዘጋል፣ «ፕራይቬት» ያድርጉት። የእንግዳ ዋይፋይ ላይ ያለ ዕቃም ሌሎችን አያይም፣ እንዲያይ አይደለም የተሠራው። ራውተሩ ላይ ዕቃዎች እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ የሚያደርገው «ኤፒ አይሶሌሽን» ከበራም ውጤቱ ያው ነው። ሆቴልና ካፌ ውስጥ ስልክዎን ከቲቪው ጋር ማገናኘት የማይችሉት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው፣ እዚያ ደግሞ መዘጋቱ ተገቢ ነው።

ዋይፋይ ራሱም ለጥሪ አይመችም። ለአንድ ዕቃ ብቻ የተላከ መልእክት ካልደረሰ ይደገማል። ለሁሉም የተላከ ጥሪ ግን «ደረሰኝ» የሚል መልስ የለውም፣ ጠፍቶ ሊቀር ይችላል። ለዚህ ነው ጠያቂው ከ1 ሰከንድ በኋላ፣ ከዚያ ከ2፣ ከዚያ ከ4 እያለ ጥሪውን የሚደጋግመው። ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን ወዲያው አይዝጉት፣ ትንሽ ይታገሱ። ችግሩ ብዙ ሰው ባለበት ቦታ ይብሳል። በ2012 የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የኔትወርክ ባለሙያዎች ተሰባስበው ለአፕል አቤቱታ እስከማቅረብ ደርሰዋል። ተማሪው አፕል ቲቪውን ይዞ ዶርም ይገባል፣ ለአንድ ቤት የታሰበው ጥሪ ግን ሺህ ዕቃ ባለበት ኔትወርክ ላይ አልሆን አለ።

ቲቪዎ እስኪስተካከል ደግሞ ዩቲዩብ ላይ መላ አለ። ቲቪው ላይ ዩቲዩብ ሴቲንግ ውስጥ «በቲቪ ኮድ አገናኝ» የሚለውን ከፍተው የሚወጣውን ቁጥር ስልክዎ ላይ ይጻፉት። እሱ በኢንተርኔት በኩል ዞሮ ስለሚገናኝ ጥሪ አያስፈልገውም። ሁለት የተለያየ ኔትወርክ ላይ ቢሆኑም ይሠራል። ለማተም ደግሞ አንድሮይድ ስልክ ከሆነ የማተሚያ አገልግሎቱ ውስጥ ፕሪንተር በአይፒ ቁጥር መጨመር ይቻላል። አይፎን በራሱ የማተሚያ ምርጫ ውስጥ ይህን አይፈቅድም።

ስለ ደኅንነት አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ይህ መተዋወቅ በመተማመን ላይ የቆመ ነው። ማንም መታወቂያ አይጠይቅም። ኔትወርክዎ ውስጥ የገባ ሁሉ ምን ዕቃ እንዳለዎት ይሰማል፣ የስልክዎን ስም ጭምር። ስልክዎ ሙሉ ስምዎን ይዞ ከሆነ በየካፌው ያንን እየተናገረ ሊዞር ይችላል፣ ቀይሩት ባይ ነኝ። ፓስወርድዎን ለጎረቤት ሁሉ አያድሉ፣ ለእንግዳ የእንግዳ ዋይፋይ ይክፈቱ። ከሁሉ በላይ ራውተሩ ላይ ያለውን ዩፒኤንፒ ያጥፉት። እሱ ቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም ዕቃ ሳይጠይቅዎት ከኢንተርኔት ወደ ቤትዎ በር እንዲያስከፍት የሚፈቅድ ነው። በጥር 2013 ራፒድ7 የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ኢንተርኔቱን ሲፈትሽ ከ80 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች ከውጭ ለመጣ የዩፒኤንፒ ጥሪ ሲመልሱ አግኝቷል። ቤት ውስጥ መቅረት የነበረበት ጥሪ አደባባይ ላይ ይመለስ ነበር ማለት ነው። ማጥፋቱ ቲቪውና ስልኩ እንዳይተያዩ አያደርግም፣ የሚነካው የራውተሩን በር ብቻ ነው። አንዳንድ የኦንላይን ጌም ሊያማርር ይችላል፣ ያኔ ለእሱ ብቻ በእጅ ይከፈትለታል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ በዚህ ተራ ይሂዱ፦ የሁለቱን ቁጥር ያነጻጽሩ፣ ሁለተኛውን ራውተር አክሰስ ፖይንት ያድርጉ፣ ለፕሪንተሩ ቋሚ ቁጥር ያስይዙ፣ ላፕቶፑ ላይ እንደገና ያስገቡት። ከዚያ በኋላም የሚጠፋ ነገር ካለ የሁለቱን ራውተሮች ሞዴል፣ የስልክዎንና የፕሪንተሩን ቁጥር፣ እንዲሁም የፕሪንተሩ ገጽ ብሮውዘር ላይ መከፈት አለመከፈቱን ይጻፉልኝ። በእነዚህ ብቻ ጥሪው የት ላይ እንደቆመ ማወቅ ይቻላል።